«ዶሮው ደህና ነው ወይ?» የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ጊዜ ስለ ብስክሌት ውድድር ብቻውን እየቀዳ፣ ብቻውን እያረመ ፖድካስት የሚለቅ ልጅ አለ ብዬ ጠቆም አድርጌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ሌላ ነገር የሚጠይቀኝ ሰው ጠፋ።

አንድ አንባቢ ፖድካስትን በአማርኛ ምን እንበለው ይላሉ።

ፖድካስት።

ከሐዋሳ የጻፉልኝ ሌላ ሰው ልጁን ሁለት ዓመት አዳምጠውታል፤ አንድም ቀን ግን አልጻፉለትም። «የኔ ምስጋና ምን ይጨምርለታል? ‹በርታ› ከማለት ውጪስ ምን እላለሁ?» ነው ጥያቄያቸው።

ይጨምርለታል እንጂ! ከዓመታት በፊት እኔም በስልኬ እየቀዳሁ 11 ክፍል ሠርቻለሁ። ስቱዲዮዬ ቁም ሣጥን ነበር። የጎረቤት ድምፅ እንዳይገባ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ በላብ ርሼ ነው የማወራው። 40 ደቂቃ ለማውጣት፣ «እእእ» ያልኩበትን ስቆርጥ፣ ቅዳሜዬ ሙሉ ትሄዳለች። ከዚያ ይለቀቃል፣ ከዚያ ጸጥ። የሚታየኝ ቁጥር ብቻ ነው፦ 63 ሰው። ሰምተው ይሁን ከፍተውት ተኝተው በምን አውቃለሁ? ዘጠነኛው ላይ ልተወው ወስኜ ሳለ ከጅዳ የድምፅ መልእክት መጣ። ልብስ እየተኮሰች የምታዳምጠኝ አንዲት እህት ናት። ብስክሌት ላይ ወጥታ አታውቅም። ግን ተወዳዳሪዎቹ ለምን ተለጣጥፈው እንደሚጋልቡ፣ ፊት ያለው ከነፋስ ጋር ሲታገል ከኋላ የተጠጋው ጉልበት እንደሚቆጥብ፣ ከኔ ሰምታ እንደገባት ነገረችኝ። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ሃያኛው ደቂቃ ላይ የጮኸው ዶሮ ደህና ነው ወይ?» አለች። ያንን ዶሮ ለማጥፋት ሁለት ሰዓት ታግዬ አቅቶኝ ነበር! የቀሩትን ሁለት ክፍሎች የሠራሁት ለእሷ ነው።

ስለዚህ «በርታ» ብቻ አይበሉት። «በርታ» ለተማሪም ለሐዘንተኛም ዕቃ ለሚያወርድም ይባላል። የቱ ክፍል፣ የቱ ጋ፣ እርስዎ የት ሆነው እንደሰሙት ይጻፉለት። «ስለ ኤርትራዊው ብስክሌተኛ ስለ ቢንያም ግርማይ ያወራኸውን ሚኒባስ ውስጥ ስሰማ መውረጃዬን አለፍኩ» ቢሉት አንድ ወር ይሠራበታል። ሊንኩንም ብስክሌት ለሚወድ ለአንድ ሰው ይላኩ። ለሃምሳ አይደለም፣ ለአንድ።

ሦስተኛው ጠያቂ ተቆጥተዋል። ልጁ ቢንያም እ.ኤ.አ. በ2024 በፈረንሳዩ ትልቅ የብስክሌት ውድድር፣ በቱር ደ ፍራንስ፣ ከየቀኑ ዙሮች ሁለቱን አሸነፈ ብሏል፤ «በአደባባይ ላጋልጠው?»

ልክ ነዎት፣ ሦስት ነው፦ ቱሪን፣ ኮሎምቤ እና ቪልነቭ ሱር ሎት ላይ። በነጥብ አንደኛ ለሚወጣው የሚሰጠውን አረንጓዴ ማሊያም ወስዷል። ግን «ማጋለጥ» ምን አመጣው? ልጁ የቀበሌ በጀት አልበላ። በውስጥ መስመር ይንገሩት፣ በሚቀጥለው ክፍል ያርመዋል። ሲነግሩት አንድ የወደዱትንም ጨምሩበት፣ አይጎዳዎትም።

ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ማነው?

ጸጋቡ ግርማይ፣ እ.ኤ.አ. በ2016።

ብስክሌት እየነዳሁ በጆሮ ማዳመጫ ብሰማውስ የምትለው የባሕር ዳሩ ልጅ፦ ሁለት ጆሮህን ደፍነህ፣ ከኋላህ ባጃጅ እየመጣ? ቤትህ ገብተህ ስማ።

ውጭ አገር ሆነው ለልጁ ገንዘብ መላክ የፈለጉት ደግሞ ግብር ያስከፍላል ወይ ብለዋል። የሒሳብ ባለሙያ ይጠይቁ።

የመጨረሻው ጠያቂ ፖድካስቱን ሰምተው ኮርቻቸውን ከፍ አድርገዋል። ጉልበታቸው ግን አብጦ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል፤ ትንሽ ዝቅ ላድርገው ወይ ይሉኛል።

ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት ትንሽ እጥፍ ማለት አለበት፣ ልጁም ያለው ይህንኑ ነው። ግን እዚህ ላይ አቁሙልኝ። ሦስት ሳምንት ያበጠ ጉልበት የኮርቻ ጉዳይ አይደለም፣ የፖድካስትም፣ የኔም። ሐኪም ጋ ይሂዱ። «ቅዳሜ ካልተሻለኝ» አይበሉ፣ ነገ ይሂዱ። እስኪታዩ ብስክሌቱን ለጎረቤት ልጅ ያውሱት። ኮርቻውን ከሐኪሙ በኋላ እናወራለን።