መልስ፦ በወንድምሽ ቅጣት ላይ ይግባኝ ስለመጠየቅ

እህቴ፣ ወንድምሽ በስልክ ለአንዲት ልጅ በላከው የወሲብ መልእክት በወንጀል ሙከራ ጥፋተኛ ተብሎ እንደተፈረደበት ጽፈሽ «ልጅቷን በአካል አላገኛትም፤ ይግባኝ ያዋጣል ወይ?» ብለሻል።

ይግባኝ መብቱ ነው። ግን ፍጠኑ፤ በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 187 የይግባኝ ማስታወቂያው ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰው በኋላ ደግሞ ማመልከቻውን ለማቅረብ 30 ቀን አለው።

«አላገኛትም» የሚለው ብቻውን ሩቅ አይወስዳችሁም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 27 ሙከራ በመርህ ደረጃ የዋናውን ወንጀል ቅጣት ያስከትላል፤ ፍርድ ቤቱ ሁኔታውን አይቶ ሊያቀል ይችላል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 ደግሞ ሕፃንን በመልእክት ለወሲብ ማማለልን ራሱን ወንጀል አድርጎታል፤ ደግ አደረገ። ስለዚህ ጠበቃው የቅጣት አሰላሉን ይመርምር፦ የወንጀሉ ክብደት ደረጃ በትክክል ተይዟል? የቀድሞ ጥፋት እንደሌለበት ተቆጥሮለታል? ዐቃቤ ሕግም ቅጣቱ አንሷል ብሎ ይግባኝ ማለት ይችላል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምንሻለሁ፤ እዚህ ሰሜን ሸዋ እንደለመድነው ወደ ልጅቷ ቤት ሽማግሌ አትላኩ። ይህ በእርቅ የሚዘጋ ክስ አይደለም፤ ልጅቷንም ዳግም ያስጨንቃታል። ለጠበቃ መክፈል ካቃታችሁ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ሄዳችሁ ስለ ነጻ የሕግ ድጋፍ ጠይቁ።