ወይኑ፣ ጠላው ወይስ ጭሱ? የአስምና የአለርጂ ሕሙማን ስለ መጠጥ የጠየቁን

ጥያቄ፦ አስም አለብኝ፤ መድኃኒቴን በአግባቡ ስለምወስድ ብዙም አያስቸግረኝም። ነጭ ወይን ስጠጣ ግን ገና ግማሽ ብርጭቆ ሳልጨርስ ደረቴን ያፍነኛል፣ ሲር ሲር ይላል። ቢራ ምንም አያደርገኝም። ምክንያቱ ምን ይሆን? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሰልፋይት ነው። ወይኑ እንዳይበላሽና ቀለሙ እንዳይለወጥ የሚጨመር የድኝ ውህድ ሲሆን፣ ከመጠጡ ውስጥ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ስንጠጣ ጋዙንም አብረን እንስበዋለን። የአንዳንድ አስም ሕሙማን የአየር ቧንቧ ይህን አይችልም፤ ወዲያው ይኮማተራል። በደቂቃዎች ውስጥ የሚያፍንዎት ለዚህ ነው።

ቢራው ለምን እንደማረዎት ቁጥሩ ይናገራል። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ስኳር ላልበዛበት ነጭ ወይን የተፈቀደው ጣሪያ በሊትር 200 ሚሊግራም ነው፤ ለቀይ 150፣ ለአብዛኛው ቢራ ግን 20 ብቻ። ለጣፋጭ ወይን ከዚህም በላይ ይፈቀዳል። ጠርሙሱ ላይ «ሰልፋይት አለው» የሚል ጽሑፍ ወይም ከኢ220 (E220) እስከ ኢ228 (E228) ያለ ቁጥር ካዩ ይተዉት። «ኦርጋኒክ» መባሉ አያዘናጋዎ፤ እርሾው ራሱ ሲያብላላ ጥቂት ሰልፋይት ይሠራል። ከዚህ ቀደም የታሸገ የሎሚ ጭማቂ ወይም ቀለሙ ያልጠቆረ የደረቀ አፕሪኮት አፍኖዎት ከነበረ ጥርጣሬው ይጠነክራል (ለሙከራ ብለው ግን እንዳይቀምሱ)። በቆዳ ላይ የሚደረገው የአለርጂ ምርመራ ይህን በአስተማማኝ አያሳይም። ማረጋገጫው ሐኪም ባለበት፣ በጥቂት በጥቂቱ እየተሰጠ የሚደረግ ሙከራ ነው።

ቀይ ወይን ጠጥተው አፍንጫቸው የሚደፈንና ፊታቸው የሚቀላ ሰዎች ጉዳይ ሌላ ነው። እዚያ ሂስታሚን (የአለርጂ ምልክቶችን የሚያመጣ ንጥረ ነገር) ይጠረጠራል፤ ቀዩ ከነጩ አብዝቶ ይይዛል፣ አልኮሉ ደግሞ ሂስታሚንን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ያዳክማል። በአፍንጫቸው ውስጥ ፖሊፕ (ለስላሳ የሥጋ እብጠት) ያለባቸው፣ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን ሲውጡ አስማቸው የሚነሳባቸው ሰዎች ደግሞ የመጠጡን ዓይነት በመቀያየር ባይደክሙ ይሻላል፤ ብዙዎቹን ማንኛውም አልኮል ይነካቸዋል።

ጥያቄ፦ ጠላ ያስለኛል። ቤተሰቦቼ ጌሾው ነው ይላሉ። ጠጅ ይሻለኝ ይሆን? (አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ጌሾውን ከመክሰስዎ በፊት ጋኑን ያስቡ። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ሲታጠን አጠገቡ ከነበሩ ጭሱ ብቻውን አስም ይቀሰቅሳል። ብቅልና ጌሾ ሲወቀጥ የሚነሳው ብናኝም እንደዚያው ነው። እንዲያውም ከጠጪው ይልቅ ጠማቂዋ ትጎዳለች። ማጠኑ ደጅ ይሁን፤ ቢቻል አስም የሌለበት ሰው ይሥራው፤ የሚወቅጠውም አፍና አፍንጫውን ይሸፍን።

መጠጡ ራሱ ከሆነ ደግሞ እህሉን ይዩ። ጠላ የገብስ ወይም የስንዴ ብቅል አለበት፤ ጥሩ ሆኖ ቢጠልም የእህሉ ፕሮቲን ውስጡ ይቀራል። ስለዚህ የስንዴ ወይም የገብስ አለርጂ ያለበት ሰው ጠላም የገብስ ቢራም አይጠጣ። ጠጅ እህል ባይኖርበትም ማሩ የአበባ ብናኝና ከንብ የመጣ ፕሮቲን ይይዛል። ማር ሲልሱ ጉሮሮዎን የሚበላዎት ከሆነ ጠጅም ብርዝም ይቅርብዎ።

ሳሉ የሚመጣው ከተኙ በኋላ ነው? እንግዲያው የጨጓራ አሲድ ሊሆን ይችላል፤ አልኮል በጨጓራና በጉሮሮ ቧንቧ መካከል ያለውን መዝጊያ ያላላል። የመጨረሻውን ብርጭቆ ከመኝታ 3 ሰዓት በፊት ያድርጉት፤ የአልጋዎን ራስጌ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ከፍ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ የአለርጂና የአስም መድኃኒት እየወሰድኩ መጠጣት እችላለሁ? ድግስ ላይ አስሙ ቢነሳብኝስ? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ቬንቶሊንና ሌሎች የሚነፉ መድኃኒቶች ከአልኮል ጋር አይጣሉም። ኪኒኖቹ ናቸው አስቸጋሪዎቹ። የአለርጂ ኪኒኖቹ ክሎርፌኒራሚንና ፕሮሜታዚን ከመጠጥ ጋር ሲገናኙ ከባድ እንቅልፍ ያመጣሉ፤ መኪና መንዳት አይታሰብም። ለአስም ቲዮፊሊን ወይም አሚኖፊሊን የሚወስድ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ከጠጣ መድኃኒቱ ከደሙ ቶሎ አይወጣም፤ ማቅለሽለሽና የልብ መምታት ይከተላል። ፕሬድኒሶሎን (የስቴሮይድ ኪኒን) ሲወስዱ መጠጣት ደግሞ ጨጓራን ሊያስቆጣ ይችላል።

ቢነሳብዎ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ አይተኙ። ቬንቶሊኑን ይነቅንቁና በስፔሰር (ኢንሄለሩ የሚሰካበት፣ የተነፋው መድኃኒት እስኪሳብ የሚቆይበት ባዶ ቱቦ) አንድ ፓፍ፣ ማለትም አንድ ጊዜ ተጭነው፣ ይንፉ፣ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ይተንፍሱ፤ እንዲህ እያሉ 4 ፓፍ ይውሰዱ። ከ4 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለዎት ሌላ 4 ይድገሙ፤ ያኔም ካልሆነ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፣ በመንገድ ላይም መንፋቱን አያቋርጡ። ስፔሰር ከሌለዎት የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ቂጡ ላይ በኢንሄለሩ አፍ ልክ ይበሱ፣ ኢንሄለሩን ሰክተው ዙሪያውን በፕላስተር ያሽጉ፣ በጠርሙሱ አፍ ይሳቡ። ይህ ግን ድግሱ መሃል ሳይሆን ቀድሞ ቤት ውስጥ መሠራት አለበት።

ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ሰውነት ሽፍ ካለ፣ ራስን ካዞረ ይህ አስም ብቻ አይደለም። የሚያስፈልገው ጭን ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ነው፤ የአለርጂ ኪኒን ውጦ መጠበቅ ጊዜ ማባከን ይሆናል።