የጃንጎ ሞዴል ለጀማሪ እንዴት ይጻፍ?

ጥያቄ፦ በምሠራበት ድርጅት ለአዳዲስ ሠራተኞች የጃንጎን (በፓይተን ድረ ገጽ የሚሠራበት ማዕቀፍ) የዳታቤዝ ሞዴሎች፣ ማለትም የዳታቤዝ ሰንጠረዦችን የሚገልጹ ክላሶች፣ የሚያስረዳ የአማርኛ መመሪያ እያዘጋጀሁ ነው። የፊልድ (የሰንጠረዡ ዓምድ) ዓይነቶችን አንድ በአንድ ዘርዝሬ ብጽፍም፣ አንባቢዎቹ ሞዴሉን ጽፈው እንደጨረሱ «ሰንጠረዡ የለም» የሚል ስህተት እየገጠማቸው ይቆማሉ። ናል እና ብላንክ የተባሉትንም አማራጮች ያምታታሉ። ምን ላሻሽል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የፊልዶቹን ዝርዝር ወደ መጨረሻ ይውሰዱትና አንድ ሞዴል ከፋይሉ ተነሥቶ ሰንጠረዥ እስኪሆን ድረስ የሚያልፍበትን መንገድ ያስቀድሙ። ሞዴሉ ተጽፎ ፋይሉ ሴቭ ሲደረግ በዳታቤዙ ውስጥ የሚለወጥ ነገር የለም፤ ሜክማይግሬሽንስ የተባለው ትእዛዝ ለውጡን በማይግሬሽን ፋይል ይመዘግባል፣ ሰንጠረዡን የሚፈጥረው ግን ከዚያ በኋላ የሚሰጠው የማይግሬት ትእዛዝ ነው። በሁለቱ መካከል ኤስኪውኤልማይግሬት የተባለውን ትእዛዝ ያስገቡ፤ ዳታቤዙን ሳይነካ፣ ማይግሬት የሚያስፈጽመውን የኤስኪውኤል (የዳታቤዝ ቋንቋ) ጽሑፍ በስክሪኑ ላይ ስለሚያሳይ፣ ጀማሪው የጻፈው ክላስ «ክሪኤት ቴብል» (ሰንጠረዥ ፍጠር) ሆኖ ሲወጣ በዓይኑ ያያል። የጃንጎ የራሱ ማስተማሪያም ይህንኑ ያደርጋል። «ሰንጠረዡ የለም» የሚለውንም ስህተት ማይግሬትን ከማስተማርዎ በፊት ሆን ብለው ያሳዩአቸው።

ናል እና ብላንክን የአያት ስም በሚሞላበት ፊልድ ቢያስረዱ ይቀላል። ብላንክ የሚመለከተው የፎርሙን ማጣሪያ ነው፤ ሰውየው የአያቱን ስም ሳይሞላ እንዲያልፍ ይፈቅድለታል። ናል ደግሞ ዓምዱ ዋጋ ሳይኖረው እንዲቀመጥ ለዳታቤዙ ይፈቅዳል። ለጽሑፍ ፊልድ ብላንክ ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ ናል ከተጨመረ ግን «ስም የለም» ማለት በባዶ ጽሑፍም በናልም ሊመዘገብ ስለሚችል፣ አንዱን ብቻ የሚፈልግ ሰው ሌላውን ያጣዋል።

ፎሪን ኪ፣ ማለትም አንዱን ሰንጠረዥ ከሌላው ጋር የሚያያይዘው ፊልድ፣ ላይ ሲደርሱ አይቸኩሉ፤ ጉዳት የሚያስከትለው ስህተት ያለው እዚህ ነው። አንድ ደንበኛ ሲሰረዝ በስሙ የተመዘገቡት ትዕዛዞች ምን ይሆናሉ? ካስኬድ አብሮ ያጠፋቸዋል፤ ፕሮቴክት ግን ትዕዛዝ ያለው ደንበኛ እንዳይሰረዝ ይከለክላል። ለሽያጭ መዝገብ እኛ ፕሮቴክትን እንመርጣለን። እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው ጃንጎ 2.0 ጀምሮ ይህ ምርጫ የሚገለጽበትን ኦን ዲሊትን መጻፍ ግዴታ በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት ከተዘጋጁ ማስተማሪያዎች የተቀዳ ምሳሌ ላይሠራ ይችላልና፣ ምሳሌዎችዎ የተሞከሩበትን ቨርዥን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያስፍሩ።