ሎገሩን ማን ቀድሞ ነካው?

በዚህ ዙር ከደረሱኝ የጃቫ ጥያቄዎች ግማሹ አንድ በሽታ ነው። ፕሮግራሙ ይሠራል፤ ሎገሩ የሚጽፈው የሥራ መዝገብ፣ ሎጉ፣ ግን ወይ ባዶ ነው፣ ወይ ያልታሰበ ቦታ ይጻፋል፣ ወይ የመነሻው መስመሮች የሉበትም። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ሦስት ገጽ ስታክ ትሬስ (ስህተቱ የመጣበትን የጥሪ ዝርዝር) የላካችሁ ይቅር በሉኝ፤ ያነበብኩት የመጨረሻውን «ኮዝድ ባይ» ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የሎገር ፊልድ ስም በትልቁ ፊደል ነው በትንሹ የሚጻፈው? ቡድናችን ሁለት ሳምንት ተጨቃጨቀበት።

መልስ፦ ብዙው ሰው በያዘው ጻፉ። ሁለት ሳምንት!

ጥያቄ፦ አንድ አንባቢ ሲንግልተን (አንድ ኢንስታንስ ብቻ የሚፈጠርለት) ክላስ አለው። ኮንስትራክተሩ ውስጥ አንዲት የሎግ መስመር ጨመረ። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙ ገና ሲነሳ ነል ፖይንተር (ነል፣ ማለትም ባዶ፣ የሆነ ነገር ተጠራ የሚል ስህተት) ይወረውራል። «ሎገሩ እኮ ስታቲክ ፋይናል ነው፤ እንዴት ነል ይሆናል?» ይላል፣ በሦስት የጥያቄ ምልክት።

መልስ፦ ፋይልህን ከላይ ወደ ታች አንብበው። መጀመሪያ ኢንስታንሱን በ«ኒው» ፈጥረሃል፤ ሎገሩ ከሥሩ ነው ያለው። ጃቫ ስታቲክ ፊልዶችን (የኢንስታንስ ሳይሆን የክላሱ የሆኑትን) የሚሞላው በተጻፉበት ተራ ነው። ኢንስታንሱ ሲፈጠር ኮንስትራክተሩ ይጠራል፣ ኮንስትራክተሩ ሎገሩን ይፈልጋል፣ ሎገሩ ግን ተራው አልደረሰም። ፋይናል ማለት አንዴ ከተሞላ አይቀየርም ማለት ነው እንጂ ከመጀመሪያው ሙሉ ነው ማለት አይደለም። ኮምፓይለሩ ለምን ዝም አለ ካልክ፣ ከታች ያለውን ፊልድ ከላይ ባለው መስመር ላይ በቀጥታ ብትጠራው ይጮህብህ ነበር። በኮንስትራክተር በኩል ዞረህ ስትመጣ ግን አያይህም። ሎገሩን ወደ ላይ ውሰደው።

ጥያቄ፦ የሎግ ፎልደሩ በየሰርቨሩ ስለሚለያይ፣ አንዲት አንባቢ በሜይን (ፕሮግራሙ በሚጀምርበት ሜተድ) የመጀመሪያ መስመር ላይ በሲስተም ፕሮፐርቲ (መላው ፕሮግራም በሚያየው ቅንብር) ታስቀምጠዋለች። ሎጉን የሚጽፍላት ላይብረሪ ሎግባክ ነው፤ የእሱ ማስተካከያ ኤክስኤምኤል ፋይል ደግሞ ከዚያ ያነበዋል። ግን ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር ስሙ «ሎግ ዲር ኢዝ አንዲፋይንድ» የሚል ፎልደር ይፈጠራል። «እየሰረዝኩ መኖር ሰለቸኝ» ትላለች።

መልስ፦ ያ ፎልደር ውለታ ነው የዋለልሽ። ሎግባክ የተጠየቀውን ፕሮፐርቲ ሲያጣ ስሙን ይወስድና «ኢዝ አንዲፋይንድ» ቀጥሎበት ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ነገር በእርግጠኝነት አውቀናል፤ ኤክስኤምኤሉ በተነበበበት ሰዓት ፕሮፐርቲው ገና አልነበረም። አንቺ ሜይን ውስጥ አስቀመጥሽው፤ እሱ ከሜይን በፊት አንብቦ ጨርሷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ከሜይን በፊት እንዴት? ከሜይን ሜተድ በላይ ያለውን መስመር እዪው። ስታቲክ ሎገር አለ። ጄቪኤሙ (የጃቫን ኮድ የሚያስኬደው) ሜይንን ከመጥራቱ በፊት ክላሱን ኢኒሻላይዝ ማድረግ አለበት። ያኔ ሎገሩ ይጠየቃል፣ ኤስኤልኤፍፎርጄይ (ኮዱ የሚጠራው በር፤ የሚጽፈው ከጀርባው ያለው ላይብረሪ ነው) ይነቃል፣ ሎግባክን ያገኘዋል፣ ሎግባክ ኤክስኤምኤሉን ያነባል፣ ፋይሉን ይከፍታል። ይህ ሁሉ አልቆ ነው የአንቺ «የመጀመሪያ» መስመር የሚመጣው።

እኔም ተሸውጄበታለሁ። አንድ በሠራሁበት ቦታ ይኸው ችግር ገጠመኝና ስታቲክ ሎገሩን ከሜይን ክላስ አወጣሁት። ችግሩ ቀጠለ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ጉዱ የነበረው ሜይን ክላሱ በሚወርሰው ክላስ ውስጥ ነው። ወላጅ ክላስ ከልጁ ቀድሞ ይነሳል፤ እሱም የራሱ ስታቲክ ሎገር ነበረው። እኔ ደግሞ የከፈትኩት ፋይል ላይ ብቻ አፍጥጬ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የምጠይቀው «ሎገሩን ማን ቀድሞ ነካው?» ብዬ ነው። ሎገር የሚነሳው መጀመሪያ በነካው ኮድ ምክንያት ነው። በዚያች ቅጽበት ያገኘውን ይዞ ይቀመጣል፤ በኋላ የመጣውን አይሰማም። ታዲያ ማን እንደነካው በግምት አይገኝም። ሎገር ፋክተሪ የሚባለው የኤስኤልኤፍፎርጄይ ክላስ ውስጥ «ባይንድ» የሚል ሜተድ አለ፤ በዲባገር ብሬክፖይንት (ማቆሚያ) አድርጊበት። ሲቆም የጥሪውን ሰንሰለት ተከትለሽ ውረጂ። መጀመሪያ የምታገኚው የምታውቂው ስም፣ የአንቺ ወይም የላይብረሪሽ ክላስ፣ እሱ ነው። ዲባገር በማይገባበት ሰርቨር ላይ ከሆነ ከጃቫ 9 ጀምሮ በኤክስሎግ አማራጭ «ክላስ ፕላስ ሎድ» ማለት ይቻላል። የትኛው ክላስ ከየትኛው ቀድሞ እንደተጫነ በተራ ይዘረዝርልሻል። ዝርዝሩ ረጅም ስለሆነ ወደ ፋይል አዙሪው።

መድኃኒቱን በምወደው ቅደም ተከተል ልንገርሽ። አንደኛ፣ ፕሮፐርቲውን በኮማንድ ላይን ስጪው። ከማንኛውም ኮድ በፊት ስለሚገባ ማንም አይቀድመውም። ኮማንዱን መቀየር ካልተፈቀደልሽ ትንሽ ማስነሻ ክላስ ጻፊ። ሎገር የሌለው፣ ማንንም የማይወርስ ይሁን፤ ፕሮፐርቲውን ያስቀምጥና እውነተኛውን ሜይን ይጥራ። ሦስተኛው፣ ኤክስኤምኤሉ ውስጥ ከስሙ ቀጥሎ ኮለንና ሰረዝ አድርጎ ነባሪ ዋጋ መስጠት ነው። ይሠራል፤ ግን በሽታውን ይደብቀዋል። እኔ አስቀያሚውን ፎልደር እመርጣለሁ።

የጃቫን የራሱን ሎገር፣ ጁል የምንለውን፣ ማናጀር በሌላ ለመተካት የምትሞክሩ ደግሞ ማስነሻ ክላስም ላይበቃችሁ ይችላል። ማናጀሩ የሚመረጠው አንዴ ነው፤ የሎግ ማናጀር ክላስ ሲነሳ። ጃቫ ኤጀንት (ከፕሮግራሙ ጋር ተያይዞ የሚጫን ተጨማሪ ኮድ) ካለ ደግሞ የኤጀንቱ ኮድ ከሜይን ቀድሞ ይሮጣል። እሱ ጁልን ከነካ አበቃ። ዋይልድፍላይ የሚባለው የጃቫ ሰርቨር ሲነሳ ሎግ ማናጀሩ በትክክል አልተተከለም ብሎ የሚያማርረው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ፕሮፐርቲውን በኮማንድ ላይን ስጡ፤ የማናጀሩ ጃርም (ክላሶቹ የተጠቀለሉበት ፋይል) በዚያ ሰዓት የሚገኝበት ቦታ ላይ ይሁን። ካልተገኘ ጃቫ መጫን አልቻልኩም የሚል መስመር ጥሎ በራሱ ማናጀር ይቀጥላል። ያቺን መስመር ማንም አያያትም።

ጥያቄ፦ ሎግባክ ዶት ኤክስኤምኤል ውስጥ የጻፍኩትን የስፕሪንግ ፕሮፋይል ስፕሪንግ ቡት (ፕሮግራሜ የተሠራበት ፍሬምወርክ) አይቀበለውም።

መልስ፦ ፋይሉን «ሎግባክ ሰረዝ ስፕሪንግ» ብለህ ሰይመው። በአሁኑ ስሙ ሎግባክ ራሱ ስፕሪንግ ሳይደርስ ያነበዋል።

ጥያቄ፦ በሥርዓቱ ሞጁል የተደረገ አዲስ ፕሮጀክት ነው። ከኤዲተር ሲሮጥ ሎግ አለ። በጄሊንክ (ፕሮግራምን ከነጃቫው በሚጠቀልለው መሣሪያ) ሲጠቀለል ግን ኤስኤልኤፍፎርጄይ ፕሮቫይደር (አቅራቢ) አላገኘሁም ይልና ዝም ይላል። «የሎገሩን አነሳስ ቅደም ተከተል በየት በኩል ላስተካክል?»

መልስ፦ ቅደም ተከተል አይደለም። ሎግባክ ጭራሽ አልመጣም። ሞጁል ኢንፎህ (ሞጁሉ የሚፈልገውን የሚዘረዝረው ፋይል) ውስጥ «ሪኳየርስ» ያልከው ኤስኤልኤፍፎርጄይን ነው፤ ልክ ነህ። ሎግባክን ግን በስሙ የጠራው የለም። ኤስኤልኤፍፎርጄይ «ዩዝስ» ብሎ በር ከፍቶ ይጠብቃል፣ ሎግባክ «ፕሮቫይድስ» ብሎ ይመጣል። መደበኛው የጃቫ ማስነሻ ሞጁል ፓዝ ላይ ያለ እንዲህ ዓይነት አቅራቢን ራሱ ፈልጎ ያስገባል። ጄሊንክ ግን ካልነገሩት ሪኳየርስ የተባለውን ብቻ ነው የሚከተለው። «ባይንድ ሰርቪስስ» የሚል አማራጭ አለው፤ እኔ አልወደውም፣ ያልጠራኸውን ሁሉ ከጄዲኬው ይጎትታል። «አድ ሞጁልስ» በለውና የሎግባክን ሞጁል በስሙ ስጠው። ሞጁል ኢንፎ የሌለው የቆየ ጃር ከሆነ ጄሊንክ አይቀበለውም። ሥሪቱንም በዚያው እይ፤ ሎግባክ 1.2 ከኤስኤልኤፍፎርጄይ 2.0 ጋር አይገጥምም፣ አቅራቢ የሚፈለግበት መንገድ ተቀይሯል።

ጥያቄ፦ «ስታክ ኦቨርፍሎው። ብሪጆቹን ሁሉ አስገብቻለሁ።» ደብዳቤው ይኸው ነው።

መልስ፦ ችግሩ «ሁሉ» የሚለው ላይ ነው። አንዱ ብሪጅ ከጁል ወደ ኤስኤልኤፍፎርጄይ ይልካል፤ ሌላው ከኤስኤልኤፍፎርጄይ ወደ ጁል ይመልሳል። ሲቀባበሉት ስታኩ ሞላ። አንዱን አውጣ። የቀረው የጁሉ ብሪጅ ከሆነ፣ ከመትከልህ በፊት የሩት ሎገሩን (የሁሉ ሎገሮች ሥር) ነባር ሃንድለሮች፣ መስመሩን የሚጽፉትን፣ አንሳ፤ አለዚያ ከጁል የሚመጣው መስመር ሁለት ጊዜ ሊጻፍብህ ነው።

ጥያቄ፦ ሌሎች ቡድኖች የሚጠቀሙበት ሞጁል እጽፋለሁ። ሎግ እንዳያጡ ብዬ ሎግባክንም ኤክስኤምኤሉንም አብሬ ብልክላቸው ምን አለበት?

መልስ፦ ብዙ ነገር አለበት። እባክህ አትላክ።

የሰው ቤት በእንግድነት ገብተህ ዕቃ አታዛውርም። አንተ ሎግባክ ላክህ፤ ሌላው ሞጁል ሎግፎርጄይ የሚባለውን ሌላ የሎግ ላይብረሪ ላከ፤ ሁለቱ በአንድ ክላስ ፓዝ (ጃቫ ክላሶችን በሚፈልግበት ቦታ) ላይ ተገናኙ። ኤስኤልኤፍፎርጄይ ብዙ አቅራቢ አገኘሁ ብሎ ያስጠነቅቅና አንዱን ይይዛል። የትኛውን? ልትመካበት የምትችለው መልስ የለም። ዛሬ በላፕቶፕህ አንዱ፣ ነገ በሰርቨሩ ሌላው ሊሆን ይችላል። ኤክስኤምኤሉም እንደዚያው ነው፤ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ፋይሎች ሲገኙ ቀድሞ የተገኘው ይነበባል። አሁን አፕሊኬሽኑን የጻፈው ሰው የራሱን ፋይል እየቀየረ ምንም ለውጥ ያጣል። ሌሊት ስልክ የሚደወለው ለእሱ ነው፤ ያንተን ሞጁል ግን አይጠረጥርም።

ሞጁልህ ኤፒአዩን ብቻ ይጥራ። ለራስህ ቴስት አቅራቢ ከፈለግህ በቴስት ስኮፕ ይቅር። ዲፔንደንሲ ጨርሶ ካልፈለግህ ከጃቫ 9 ጀምሮ ሲስተም ሎገር አለልህ። ጃቫ ቤዝ ውስጥ ስለሆነ ሞጁል ኢንፎህ ላይ የምትጨምረው የለም፤ መልእክቱ የት እንደሚሄድ የሚወስነው አፕሊኬሽኑ ነው። ደግሞ ስታቲክ ብሎክ ውስጥ ሎግ ማናጀሩን «ሪሴት» አትበል። እንዲህ የሚያደርግ ላይብረሪ አጋጥሞኛል፤ የአስተናጋጁን ሃንድለሮች ጠርጎ ነው የሄደው። ማስጠንቀቂያ እንኳ የለም፣ የሚያስጠነቅቀውን ነገር ነዋ የዘጋው።

ጥያቄ፦ በጁል የአንድ ሎገርን ደረጃ ወደ ፋይን (ከኢንፎ ይበልጥ ዝርዝር ወደሚጽፈው) አወርዳለሁ። ትንሽ ይሠራና በራሱ ወደ ኢንፎ ይመለሳል። ጄቪኤሙ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም። ሎግ ማናጀሩ ሎገሮችን የሚይዘው በዊክ ሬፈረንስ፣ ከመጠረግ በማያድን መያዣ፣ ነው። አንተ ሜተድ ውስጥ አምጥተህ፣ ደረጃውን ቀይረህ፣ ለቀቅኸው። ማንም ያልያዘውን የሚጠርገው ጋርቤጅ ኮሌክተር ወሰደው፤ በሚቀጥለው ጥሪ አዲስ ተፈጠረ፣ ያንተን ለውጥ የማያውቅ። በስታቲክ ፊልድ ያዘው። ለበለጠ ማብራሪያ የጄቪኤም ባለሙያ አማክር፤ ባታማክርም አይጎዳህም።

ጥያቄ፦ ሎግ ወደ ሌላ ሰርቨር የሚልክ አፔንደር ራሴ ጻፍኩ። ሲነሳ ስለ «ሰብስቲትዩት ሎገር» ያስጠነቅቀኛል።

መልስ፦ አፔንደርህ ውስጥ ያለው የኤችቲቲፒ ላይብረሪ ራሱ ሎገር ይጠይቃል። ሎግባክ አፔንደሩን እያነሳ ነው፤ አፔንደሩ ተመልሶ ሎግባክን ይጠራል። ኤስኤልኤፍፎርጄይ ለጊዜው ተተኪ ሎገር ይሰጠዋል። አዳዲሶቹ ሥሪቶች በዚያ መሃል የመጡትን መልእክቶች አቆይተው በኋላ ይለቋቸዋል፤ የቆዩት ይጥሏቸው ነበር። ግንኙነቱን አፔንደሩ ሲፈጠር ሳይሆን የመጀመሪያው መልእክት ሲመጣ ክፈተው። የላይብረሪው ሎግም ወደ አፔንደርህ እንዳይገባ ዝጋው፤ አለዚያ አንድ መልእክት በላክህ ቁጥር ሌላ ይወለዳል።

ጥያቄ፦ ሎግፎርጄይ 2.14 ላይ ነን። የአነሳሱን ችግር እስክንፈታ ድረስ ሥሪቱን ማሳደጉን ብናቆየውስ?

መልስ፦ አይሆንም። የእናንተ ሥሪት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 ይፋ የሆነው ሎግፎርሼል የተባለው ቀዳዳ አለበት። አጥቂ የላከው ጽሑፍ ሎግ ስለተደረገ ብቻ ሰርቨራችሁ ላይ የእሱ ኮድ ሊሮጥ ይችላል። 2.15 አልበቃም፤ ተከታታይ ማስተካከያዎች እስከ 2.17.1 ወጥተዋል። አሳድጉት፤ ሎጉ ለጊዜው ይዘበራረቅ። ይህን ያህል ጊዜ ክፍት ሆኖ የቆየ ሰርቨር ላይ ግን ማሳደግ ብቻውን መልስ አይደለም። ቀድሞ የገባ ሰው ይኑር አይኑር በደብዳቤ ልነግራችሁ አልችልም። የደኅንነት ባለሙያ ጥሩ። ዛሬ። አለቃችሁ «ከስፕሪንቱ በኋላ» ካለ ይህን መልስ አሳዩት።

ጥያቄ፦ ሎገሩ ሳይነሳ የሚፈጠር ስህተት የት ይጻፍ? ፕሪንት ብጠቀም ይስቁብኛል።

መልስ፦ ይሳቁ። ወደ ስታንዳርድ ኤረር ጻፊው፤ ኤስኤልኤፍፎርጄይ ራሱ የራሱን ችግር የሚናገረው እዚያ ነው። ስፕሪንግ ቡት ላይ ከሆንሽ «ዲፈርድ ሎግ» የሚባል አለ፤ መልእክቱን ይዞ ቆይቶ ሎገሩ ሲነሳ ይለቀዋል። የእኔ ማስነሻ ክላስ ውስጥ ግን አንዲት ፕሪንት እስካሁን አለች።