ይሉኝታችሁን ጀልባው ላይ ተዉት

ልጆቼ፣ ጅቡቲ ወርደን ባሕር ውስጥ ጠልቆ መዋኘት መማር እንፈልጋለን፣ ምን ትመክረናለህ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ ይህን እጽፋለሁ። እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ልጅ ሳለሁ የማውቀው ትልቅ ውሃ ዝናብ ሲጥል የደቻቱ ወንዝ የሚያወርደው ጎርፍ ነበር። ዋና የተማርኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አንድ ዓመት ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ሰው እየያዝኩ ስወርድና ስወጣ ኖሬያለሁ።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ሻርክ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ አርታ ዳርቻ ዌል ሻርኮች ይመጣሉ፤ ሰውነታቸው ላይ ያለው ነጭ ነጠብጣብ እንደ ጣት አሻራ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚለያይ ተመራማሪዎች በዚያ ነው የሚለዩአቸው። የሚበሉት በአብዛኛው ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታትን ነው። አትንኳቸው፣ መንገዳቸውን አትዝጉባቸው፤ ከዚያ በላይ የሚያስፈራ ነገር የላቸውም። እኔ ባሕር ውስጥ የምፈራው ሌላ ነገር ነው፦ ይሉኝታ።

ያደግንበት ነው። እንግድነት ሄደን አንጀታችን እየጮኸ «በልቼ ነው የመጣሁት» እንላለን። ታመን «ደህና ነኝ» እንላለን። መሬት ላይ ጨዋነት ነው፣ አልነቅፈውም። ውሃ ውስጥ ግን ሰው ይገድላል።

እኔን ሊገድለኝ ነበር። በሥራው ሁለተኛ ዓመቴ፣ ማስካሊ ደሴት አጠገብ፣ 22 ሜትር ጥልቀት ላይ ነበርን። ጌጄን፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ የቀረውን አየር በባር (በጫና መለኪያ) የሚያሳየውን፣ ሳየው መርፌው 60 ባር ላይ ደርሷል። መምህሬ ዞር ብሎ ሁለት ጣቱን መዳፉ ላይ አሳረፈ፤ በጠላቂዎች ቋንቋ «ስንት ቀረህ?» ማለት ነው። ከመካከላችን በዕድሜ ትንሹ እኔ ነኝ፤ አየር ቀድሜ የምጨርሰውም እኔ መሆኔ አሳፈረኝ። አንዱን መዳፌን በሌላኛው ጣቶች ጫፍ ላይ አጋድሜ የ100 ባር ምልክት አሳየሁት። ራሱን ነቅንቆ ጉዞውን ቀጠለ።

ስምንት ደቂቃ ያህል ቆይቶ አየሩ ከበደኝ። ትንፋሽ ስስብ በጠባብ መቃ ማር የምስብ ያህል ነበር። የሚቀጥለው ትንፋሽ ደግሞ ከዚያ የባሰ ሆነ። እጄን አንገቴ ላይ እያመላለስኩ ወደ እሱ ዋኘሁ። ትርፍ መተንፈሻውን (ሬጉሌተሩን) አፌ ውስጥ ከተተልኝ፣ የጃኬቴን ማንገቻ ጨምድዶ ያዘኝ፣ ዓይን ለዓይን እየተያየን ቀስ ብለን ወጣን። 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ አቆመኝ። ያችን ሦስት ደቂቃ አልረሳትም፤ ፀሐይ ከላይ ትታየኛለች፣ የምተነፍሰው ግን የሰው አየር ነው።

ጀልባው ላይ ስንወጣ «ስንት ነበር?» አለኝ። «ስልሳ» አልኩት። ሰሌዳው ላይ ከስሜ አጠገብ የጻፈውን 100 ሰርዞ 60 ጻፈና ሻይ ቀዳልኝ። ሌላ ቃል አልተናገረኝም።

ነገሩ እኮ ስሌት ነው። በየ10 ሜትሩ የውሃው ጫና በአንድ የአየር ጫና ልክ ይጨምራል። 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር 200 ባር ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር አለው። ላይ ሆኖ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው ሁለት ሰዓት ይቆይበታል፤ 20 ሜትር ላይ ግን ጫናው ሦስት እጥፍ ሆኖ በደቂቃ 60 ሊትር ስለሚፈጅ በ40 ደቂቃ ያልቃል። መነካት የሌለበትን 50 ባር ስትቀንሱ 30 ደቂቃ ትቀራችኋለች። የፈራ፣ የበረደው፣ ሰውነቱ ግዙፍ የሆነ፣ ጀማሪ የሆነ ሁሉ ከዚህም ቶሎ ይጨርሳል። ይህ እንደ ቁመት ያለ ነገር ነው፤ ምኑ ያሳፍራል? መርፌው ያለውን ቁጥር ተናገሩ። አየር ቢያልቅባችሁም ባያልቅባችሁም ደግሞ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ አትውጡ፤ ከ10 ሜትር ወደ ላይ ሲመጣ የሳንባ አየር እጥፍ ስለሚሆን ሳንባ ይቀደዳል።

ይሉኝታ የሚጎዳው እኛን ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሙሻ ደሴት አጠገብ አንድ ጨዋ ወጣት ይዤ ወረድኩ። ለመስጠም የሚታሰረው የእርሳስ ብረት ቀበቶው ሁለት ኪሎ ያህል በዝቶበት ነበር። አውቆታል፤ ግን ያሰርኩለት እኔ በገዛ እጄ ስለሆንኩ ትልቅ ሰው ማረም ነውር መሰለው። ወረደ፣ ወረደ፣ በጉልበቱ ኮራል ላይ አረፈ። የሰፌድ ስፋት ያለው ቁራጭ ተሰብሮ ወደ አሸዋው ተንሸራተተ። ስብራቱ እንደ ኖራ ነጭ ነበር፤ በሥሩ ተጠልለው የነበሩ ትናንሽ ዓሦች መግቢያ ጠፍቷቸው ይዞሩ ነበር። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም እንስሳ ነው፤ እልፍ ደቃቅ ፍጥረታት ተባብረው የሚሠሩት ቤት ነው። ድቡልቡል የሆነው ዓይነት በዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚያድገው፤ ቁመቱ ደረታችሁ የሚደርስ ካያችሁ ከእናንተ በዕድሜ ይበልጣል። ጥፋቱ የእኔም ነበር፤ አልጠየቅኩትም። አሁን ቀበቶ ባሰርኩ ቁጥር «ጋሼ፣ ከብዶኛል በለኝ» እያልኩ እለምናለሁ። እናንተ ሳትለመኑ በሉ።

ስለ ባቡሩም ልንገራችሁ፣ የእኛ አገር ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነውና። ጠልቃችሁ ስትወጡ ሰውነታችሁ ውስጥ የሟሟ ናይትሮጅን ይቀራል። ጫናው በድንገት ከቀነሰ የአምቦ ውሃ ክዳን ሲከፈት እንደሚሆነው አረፋ ይሆናል። ስለዚህ ደጋግሞ የጠለቀ ሰው ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆይ አውሮፕላን አይሳፈርም። ይህን ሁሉም ይሰማል፤ ሰምቶም «እኔ በባቡር ነኝ» ብሎ ጅቡቲ ካለው ናጋድ ባቡር ጣቢያ ይሳፈራል። ድሬዳዋ እኮ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። በባቡርም ሆነ በመኪና ውጡት፣ ዳገቱ ያው ዳገት ነው፤ ከፍ ባላችሁ ቁጥር የአየሩ ጫና ይቀንሳል። ከጠለቃችሁ በኋላ ትከሻችሁን ወይም ጉልበታችሁን ከቆረጠማችሁ፣ እጃችሁን ከደነዘዛችሁ፣ ያልተለመደ ድካም ከተጫናችሁ «ሻንጣ ተሸክሜ ነው» አትበሉ። አስተማሪያችሁን በእኩለ ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሱት፤ ኦክስጅን ጠይቁ፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ትኬታችሁን 18 ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ለሚነሣው ቁረጡና የዚያን ምሽት ከተማ ውጡ። የየመኖቹ ምግብ ቤቶች ለሁለት ተሰንጥቆ በእቶን የተጠበሰ ዓሣ ከትኩስ ቂጣ ጋር ያቀርባሉ። አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው «ኑ፣ ብሉ» ካላችሁ፣ «በልተን ነው የመጣነው» እንዳትሉ።