ከሪባኑ በኋላ ያለው ውሃ፤ ለጎጃም ወጣት የውሃ ባለሙያዎች

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ፣ በየቴክኒክና ሙያ ኮሌጁም የውሃን ሙያ ተምራችሁ ወረዳ ለምትመደቡ ነው። ተመርቃችሁ ሥራ ያጣችሁም እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ለእናንተ ለብቻ የምለውን ወደ ኋላ አቆይቼዋለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እንጀራዬ የገጠር መጠጥ ውሃ ነበር። ከሰከላና ከቢቡኝ ደጋ እስከ ሸበል በረንታ ቆላ ድረስ ምንጭ አጎልብቻለሁ፣ የእጅ ጉድጓድ አስቆፍሬያለሁ፣ የቆመ ፓምፕ ፈትቼ ገጥሜያለሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን እየጠነከረ የሄደ አንድ እምነት አለኝ፤ ለድሃ ገበሬ ከሁሉ ይልቅ ብዙ ዋጋ የሚያስከፍለው ውሃ፣ በነፃ ተሰጥቶት በሁለተኛው ዓመት የቆመበት ውሃ ነው።

ሒሳቡን አስቡት። ያ ገበሬ ድንጋይ ተሸክሟል፣ አሸዋ አጓጉዟል፣ ቦይ ቆፍሯል፣ ሪባን ሲቆረጥም ድግስ ደግሷል። ፓምፑ ሲቆም ሚስቱና ሴት ልጁ ወደ ድሮው ወንዝ ይመለሳሉ። ሕፃኑን ተቅማጥ ሲይዘው ለሕክምና ይከፍላል። በሌላ ጊዜ ባለሙያ መጥቶ «አዋጡ» ሲለው ደግሞ አያምንም። ከሁሉ የሚከፋው ይህ የመጨረሻው ነው። አመኔታው የተሰበረበትን መንደር መልሶ ከማሳመን አዲስ ጉድጓድ መቆፈር ይቀላል።

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለውን ተረት በየስብሰባው ትሰማላችሁ። የሚጠማበትን ምክንያት ግን ተናጋሪዎቹ እምብዛም አያነሡትም፤ እናንተ ልታውቁት ይገባል። ጎጃምን ዓባይ እንደ መቀነት ዞሮታል። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃና ጀደብ ቁመቱ ከ4,000 ሜትር ከሚያልፈው ከጮቄ ተራራ ይነሣሉ፤ ነገር ግን ሁሉም ገደል እየቆረጡ ወደ ታች ይሸሻሉ። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርዱ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ገደሉ አፋፍ ላይ የሰፈረ መንደር ወንዙን ያየዋል እንጂ አይጠጣውም፤ ያን ያህል ሽቅብ ለመግፋት የሚያስፈልገውን ነዳጅ ወይም ኤሌክትሪክ አንድ ቀበሌ በኪሱ አይችለውም። ስለዚህ የደጋው ሰው ተስፋ ከምንጭና ከከርሰ ምድር ነው። ደጋው የተሠራው ከባዛልት ነው፤ ውሃ የሚሄደው በድንጋዩ ስንጥቅና በበሰበሰው ንብርብር መካከል ነው። አንዱ ጉድጓድ ውሃ ሲሰጥ አጠገቡ የተቆፈረው ደረቅ የሚወጣው ለዚህ ነው። ወደ ሸለቆው ስትወርዱ ደግሞ የኖራ ድንጋይና ጂፕሰም ይመጣል፤ ጂፕሰም ውስጥ ያለፈ ውሃ ሰው ለመጠጥ አይወደውም። አንድ ንድፍ ለሁሉም ወረዳ አይሆንም።

አሁን ወደ ምንጩ እንሂድ። በመስከረም ወይም በጥቅምት የተለካ ምንጭ ይዋሻል። ክረምቱ መሬቱን አጥግቦታልና በበጋ የማታገኙትን ብዛት ያሳያችኋል። የጥናት ቡድን መንገዱ ሲደርቅ፣ በጀቱም ሲለቀቅ ይወጣል፤ ያ ጊዜ ግን ምንጩ የሚፈተንበት ጊዜ አይደለም። በሚያዝያ መጨረሻና በግንቦት፣ ዝናቡ ከመጣሉ በፊት ለኩት። የሚያስፈልጋችሁ ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና የእጅ ስልካችሁ ሰዓት ብቻ ነው። ጀሪካኑ በ200 ሰከንድ ከሞላ ምንጩ በሰከንድ አንድ አሥረኛ ሊትር ይሰጣል፤ በቀን 8,640 ሊትር ማለት ነው። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር የተቀመጠው መለኪያ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነበር። በዚህ ሒሳብ ያ ቀጭን ምንጭ 345 ሰው ያጠጣል። ሰው የሚቀዳው ግን በጠዋትና በማታ ነው፤ ሌሊቱን የሚፈሰው ካልተጠራቀመ ግማሹ ወደ ጅረት ይሄዳል። ለትንሽ ምንጭ ትልቁ መድኃኒት የሌሊቱን ውሃ የሚይዝ ማጠራቀሚያ ነው። ብዙ ጊዜ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰውም እርሱ ነው፤ ይህን አትፍቀዱ።

ከልኬቱ ጋር ጠይቁ። መጠየቅ ያለባችሁ ደግሞ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት የተቀመጠውን ሰው ብቻ አይደለም። ውሃ የምትቀዳዋን እናት «ይህ ምንጭ በየትኛው ወር ያስጠብቃችኋል? ሌሊት ተነሥታችሁ ወረፋ የምትይዙት መቼ ነው?» በሏት። ሽማግሌዎቹን በሰባ ሰባት ድርቅ ነጥፎ እንደነበር ጠይቁ። በ1977 ዓ.ም. ያልነጠፈ ምንጭ ታላቅ ምስክር አለው። የቦኖውንም ቦታ የሚመርጡት ሴቶቹ ይሁኑ። ለሥራ ጉብኝት እንዲመች ተብሎ ከመኪና መንገድ ዳር የተተከለ ቦኖ አይቻለሁ፤ እናቶች ዳገቱን ሁለት ጊዜ እየወጡበት ነው የሚኖሩት።

ሲገነባ አንድ ነገር ልብ በሉ። የምንጭ ዓይን ግፊት አይወድም። ግንቡን ከፍ አድርጋችሁ ውሃው ከተፈጥሮ ከፍታው በላይ እንዲቆም ካደረጋችሁት፣ ሌላ ስንጥቅ ፈልጎ ከግንባችሁ ውጭ ይወጣል፤ ግንቡ ደረቅ ቀርቶ ውሃው ታች እርሻ ውስጥ ይገኛል። ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ማስተንፈሻ ቱቦ ከዓይኑ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። ከላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈር፣ አጥር ይታጠር፣ ከብት የሚጠጣበት ገንዳ ለብቻው ይሁን። ባሕር ዛፍ አጠገቡ አታስተክሉ። ከጮቄ ግርጌ በስበት የሚወርድ መስመር ስትዘረጉም 10 ሜትር ቁልቁለት አንድ ባር ግፊት መሆኑን አትርሱ፤ የግፊት መቀነሻ ሳጥን የሌለው ረጅም መስመር ቧንቧው በሌሊት ይፈነዳል፣ ምክንያቱም ቦኖው ሁሉ ሲዘጋ ግፊቱ በሙሉ ታችኛው ቧንቧ ላይ ያርፋል።

በጎጃም ብዙ ምንጭ ጠበል ነው። ለዚህ ልዩ ጥንቃቄ አድርጉ። መለኪያ ከማውጣታችሁ በፊት የደብሩን አስተዳዳሪና ካህናቱን አነጋግሩ። ብዙ ጊዜ ዝቅ ብሎ ሌላ ዓይን አለ፤ የላይኛው ለጠበል ተጠብቆ የታችኛው ለመንደሩ ይሰጣል። ካህናቱ ካመኑበት ከማንም በላይ ምንጩን የሚጠብቁት እነርሱ ናቸው።

ስለ ገንዘብ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ትምህርት ቤት ብዙም አያስተምራችሁምና። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ የገጠር ተጠቃሚ የማንቀሳቀሻና የጥገና ወጪውን እንዲሸፍን ይላል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ደግሞ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2010 ንጹሕ ውሃን ሰብዓዊ መብት ብሎ አውቆታል። ወጣቶች ስትከራከሩ ሁለቱ የሚጋጩ ይመስላችኋል፤ «መብት ከሆነ ለምን ይከፈላል?» ትላላችሁ። እኔ የማየው እንዲህ ነው፤ መብቱ የሚከበረው ውሃው ሲፈስ ነው፣ ውሃው የሚፈሰው ደግሞ የተሰበረው ነገር በቶሎ ሲጠገን ነው። የመንግሥት በጀት ግንባታውን ይችላል፤ በየቀበሌው ለምትበላሽ ለእያንዳንዷ ጎማ ግን በቶሎ አይደርስም።

ለምሳሌ ያህል 60 አባወራ በወር 20 ብር ቢያዋጣ በዓመት 14,400 ብር ይሆናል። ይህ ጥልቅ ጉድጓድ አያስቆፍርም። የእጅ ፓምፕን ግን በሕይወት ያቆያል። ገበሬ በየወሩ ጥሬ ገንዘብ በእጁ የለውም፤ ጤፉ ተወቅቶ ገበያ ሲወጣ ግን አለው። ስለዚህ የዓመቱን በጥር ወር አንድ ጊዜ ሰብስቡ የሚለውን መንደር አድምጡት። እኔ ይህን መንገድ እመርጣለሁ፤ በወር የሚሰበሰበው በክረምት እየተቋረጠ፣ ከዚያም እየተረሳ ይሄዳል። እህል ሰጥተው ኮሚቴው እንዲሸጠው የፈለጉም ነበሩ፤ ጥሩ ነው። ረዳት የሌላትን መበለት፣ አቅመ ደካማውን፣ አካል ጉዳተኛውን ነፃ የማድረጉን ውሳኔ ግን ለኋላ አታቆዩት። የአዋጪዎቹ ቆጠራ በተጀመረበት ቀን በጉባኤ ስማቸው ይነበብና ነፃ ይባሉ፤ በኋላ በልመና የሚገኝ ነፃነት ያሸማቅቃል። በትንንሽ ከተሞችም ይህን ተከታተሉ፦ ቆጣሪ የሌለው ድሃ ከጎረቤት በጀሪካን ሲገዛ ባለ ቆጣሪው ለዚያው ውሃ ከሚከፍለው ብዙ እጥፍ ይከፍላል። ቦኖ «ዘመናዊ አይደለም» ተብሎ ሲዘጋ የሚጎዳው እርሱ ነው።

ገንዘቡ የት ይቀመጥ? በግለሰብ ኪስ አይቀመጥም፣ በቀበሌ ካዝናም አይቀመጥም። ሦስት ሰው በሚፈርምበት የቁጠባ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ገንዘብ ያዥዋ ሴት ትሁን። ለዚህ የሩቅ አገር ምሳሌ አያስፈልጋችሁም። የፊንላንድ መንግሥት ከእ.ኤ.አ. 1994 ጀምሮ በአማራ ክልል የገጠር ውሃን ሲደግፍ ኖሯል፤ ከዚያ ሥራ የወጣው ትልቁ ትምህርት የግንባታውን ገንዘብ ራሱን በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ለኅብረተሰቡ ማስረከብ ነበር። መንደሩ ያመለክታል፣ ሲሚንቶውን ይገዛል፣ ግንበኛውን ይቀጥራል፣ ሒሳቡን ለጉባኤ ያቀርባል። «ገበሬ ይህን አይችልም» ያሉ ብዙ ነበሩ። ገበሬው ቻለ። በእድርና በማኅበር ሒሳብ ሲያወራርድ የኖረ ሕዝብ መሆኑን የረሱት እነርሱ ናቸው።

አሁን ስለ መለዋወጫ። በየመንደሩ የምታገኙት የእጅ ፓምፕ ብዙውን ጊዜ አፍሪዴቭ ነው። ውሃን እስከ 45 ሜትር ጥልቀት ድረስ ያወጣል፤ ሲነደፍም የመንደር ሰው በአንድ የብሎን መፍቻ ፈትቶ እንዲጠግነው ታስቦ ነው። ቶሎ የሚያልቁት የፒስተኑ ጎማ፣ የመያዣው የፕላስቲክ ኩሽኔታዎችና የታችኛው ቫልቭ ጎማ ናቸው። ሁሉም በአንድ ፌስታል ይገባሉ። ፓምፕ ለወራት የሚቆመው በእነዚህ ምክንያት ነው፣ ያውም ጠፍተው ሳይሆን ባሕር ዳር ስላሉ ነው። ሰኞ የቆመውን ፓምፕ ኮሚቴው ለቀበሌ ያመለክታል፣ ቀበሌ ለወረዳ ይጽፋል፣ ወረዳው መኪናው ነዳጅ እስኪያገኝ ይጠብቃል። በመጨረሻ ዘንጉ ዝጎ፣ ጎማ ብቻ የነበረው ብልሽት ሙሉ ፓምፕ ይሆናል። ሥራ በጀመራችሁ በመጀመሪያው ወር የወረዳችሁን ፓምፖች በዓይነት መዝግቡ፣ በወረዳው ከተማ ካሉት የሕንፃ መሣሪያ ሱቆች አንዱን አሳምናችሁ እነዚህን ዕቃዎች እንዲይዝ አድርጉ። ባለሱቁ ስንት እንደሚሸጥ ካሳያችሁት ይይዛል፤ ነጋዴ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ2015 ኢትዮጵያ የሚሌኒየሙን የውሃ ግብ መታለች፤ የተሻሻለ ውሃ የሚያገኘው ሕዝብ 57 በመቶ ደርሶ ነበር። ትልቅ ሥራ ነው፣ የእኔ ትውልድ ላብም አለበት። ነገር ግን በወረዳ ሪፖርት ላይ «ሽፋን» ሲባል የተሠራው ሁሉ ተደምሮ ሲጻፍ አይቻለሁ፤ የቆመው አልተቀነሰም። እናንተ ሪፖርት ስትጽፉ ከጎኑ ሌላ ዓምድ ጨምሩ፦ በግንቦት ወር ሲታይ ይሠራ ነበር ወይስ አይሠራም? አለቃችሁ ቁጥሩ ዝቅ አለ ብሎ ቢቆጣም ጻፉት። የመጠገኛ በጀት የሚገኘው ከዚያ ዓምድ ነው።

ስለ ንጽሕና አጭር ልበል። ጥርት ያለ ውሃ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በ100 ሚሊ ሊትር ናሙና ውስጥ አንድም ኢ ኮላይ የሚባለው ከሰገራ የሚመጣ ባክቴሪያ እንዳይኖር ይላል። መጸዳጃ ቤት ከጉድጓዱ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ከጉድጓዱም ዝቅ ብሎ ይሠራ። ከቦኖ ንጹሕ ሆኖ የወጣው በቆሸሸ ጀሪካን ውስጥ ይበላሻልና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አጋር አድርጓቸው።

ሥራ ላጣችሁት። ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ የጥገና ማኅበር መሥርቱ። አንድ ሞተር ብስክሌት፣ አንድ ሣጥን መሣሪያ፣ ከላይ የጠቀስሁት የመለዋወጫ ዕቃ ለመጀመር ይበቃል። ከወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ያዙና ከየውሃ ኮሚቴው ጋር የዓመት ውል ተዋዋሉ፤ ለእያንዳንዱ ፓምፕ በዓመት የተወሰነ ክፍያ፣ በእናንተ በኩል ደግሞ ስልክ በተደወለ በሦስት ቀን ውስጥ መድረስ። በመጀመሪያው ዓመት ከሁለትና ከሦስት ቀበሌ አትለፉ፤ ቃላችሁን መጠበቅ የምትችሉት በዚያ ነው። የምትቀይሩትን ዕቃ አሮጌውን ለገንዘብ ያዥዋ አስረክቡ፣ ደረሰኝ ቁረጡ፣ ዋጋችሁን በቀበሌው ሰሌዳ ለጥፉ። ኮሚቴው ዋጋ አሳንሱልን ቢል ከጥራቱ ሳይሆን ከጉዞው ቀንሱ፤ ጎረቤት ቀበሌዎችን በአንድ ቀን ዙሩ። ክፍያውን በጥር ተቀበሉ። የመጀመሪያውን ፍተሻ በኅዳር፣ ሁለተኛውን በመጋቢት አድርጉ፤ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ምንጩ ሲያጥር ሰው ሁሉ ወደ ፓምፕ ይጎርፋልና ብዙ የሚሰበረው ያኔ ነው።