ስለ ጣቶቼ ለሐኪሜ አልነገርኩም

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የ38 ዓመት ሴት ነኝ፤ በመልስዎ ላይ «አንቺ» ቢሉኝ ይቀለኛል። ጡቴ ላይ ካንሰር ተገኝቶ ቀዶ ሕክምና ከተደረገልኝ በኋላ ኬሞ ጀመርኩ። ቀዩን መድኃኒት በየሦስት ሳምንቱ አራት ዙር ጨርሻለሁ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው፣ ፓክሊታክሰል ወደሚባለው አሻገሩኝ። ከእሱ ሁለት ዙር ወስጄ ሁለት ይቀረኛል።

የምጽፍልዎት አብረውኝ ስለሚታከሙት ሰዎች ነው። መድኃኒቱ በሚሰጥበት ክፍል ወንበሮቹ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል። ቀናችን ስለሚገጥም አምስት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠን ጠብታውን እያየን ረጅም ሰዓት እናሳልፋለን።

በመጀመሪያው ቀን ከጎኔ የነበሩት እናት ገና ስሜን ሳይጠይቁኝ «ዛሬ ማታ ሽንትሽ ቀይ ሲሆን እንዳትጮኺ፤ የመድኃኒቱ ቀለም እንጂ ደም አይደለም» አሉኝ። ይህ በሽታ ለእሳቸው ሁለተኛ ጊዜያቸው ነው፤ እኛ «ታላቃችን» እንላቸዋለን። እውነቱን ለመናገር ነርሷም ነግራኝ ነበር፤ በዚያ ቀን ከተነገሩኝ ሃያ ነገሮች አንዱ ስለሆነ ጆሮዬ አልያዘውም። የታላቃችንን ግን ያዘው። ፀጉሬ ሊረግፍ ሲል የራስ ቆዳዬ እንደሚያመኝ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ምግቡ ሁሉ ብረት ብረት ሲለኝ የብረቱን ማንኪያ ትቼ በፕላስቲክ እንድበላ የመከሩኝም እሳቸው። «በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ብርቱ ትሆኛለሽ፤ ለማቅለሽለሹ የሚሰጡሽ ክኒን ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም። በአራተኛው ቀን ስትወድቂ እንዳትደነግጪ» ብለውኝ ልክ በአራተኛው ቀን ወደቅሁ። መውደቄን የሚያውቅ ሰው እንዳለ ማወቄ ብቻውን ከአልጋ ያነሳኝ ጊዜ አለ።

አንድ የአንጀት ካንሰር ያለበት ሰውም አብሮን አለ። «ጓንቱ» እንለዋለን፤ ማቀዝቀዣውን ሲከፍት ጓንት ያጠልቃል። ታላቃችን አፌ እንዳይቆስል ቀዩ መድኃኒት ሲገባ በረዶ እንድመጥ ሲመክሩኝ ሰምቶ «በረዶ? እኔ ቀዝቃዛ ውኃ በዋጥኩ ቁጥር ጉሮሮዬን ቆንጥጦ ይይዘኛል፤ እንዳትነኪው!» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ማንን ልስማ ብዬ ሁለት ቀን ተጨንቄያለሁ።

አሁን ወደ ችግሬ። ፓክሊታክሰል ከጀመርኩ ወዲህ መጀመሪያ የእግሬ ጣቶች፣ ቀጥሎ የእጄ ጣቶች መደንዘዝ ጀመሩ። ካልሲ ሳላደርግ ካልሲ ያደረግኩ ይመስለኛል። ባለፈው ሳምንት የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ አቅቶኝ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ይህንን ለአንዲት የወንበር ጓደኛዬ ስነግራት «ለሐኪሙ እንዳትነግሪ። መድኃኒቱን ይቀንሱብሽና ካንሰሩ ይመለሳል። እኔ ደብቄ ነው እዚህ የደረስኩት» አለችኝ። ትኩሳት ሲጫጫነኝ ፓራሲታሞል ውጬ እንድተኛ የመከረችኝም እሷ ናት። ነርሷ በየዙሩ «መደንዘዝ አለ?» ስትለኝ «የለም» እላለሁ። ቀጣዩ ዙር ከአሥር ቀን በኋላ ነው።

ሁለተኛው ነገር ባለቤቴ ነው። ለእሱ የማልነግረውን ለእነሱ መንገሬን ስላወቀ ከፍቶታል። እሱ የሚለኝ «አይዞሽ» ብቻ ነው። ይህን በማለቱ አልቀየመውም፤ ግን ደክሞኛል። ሦስተኛው፣ ከአምስታችን ትንሿ ልጅ ሁለት ዙር ሙሉ አልመጣችም። ወንበሯ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ማንም አይጠይቅም፤ እኔም ፈራሁ። አንዳንዴ ለራሴ ስል ከእነዚህ ሰዎች ብርቅ ይሻላል እላለሁ። ምን ይመክሩኛል?

ስሜ ይቆየኝ

መልስ

እህቴ፣ እግዜር ይማርሽ።

ከሦስቱ ጥያቄዎችሽ የመጀመሪያው ቀጠሮ የሚጠብቅ አይደለም። ይህንን አንቀጽ ስትጨርሺ ጋዜጣውን አስቀምጪና ወደ ሕክምና ክፍልሽ ደውዪ። «ጣቶቼ ደንዝዘዋል፣ ቁልፍ መቆለፍ አቅቶኛል፣ እስከ ዛሬ የለም ስል ቆይቻለሁ» በዪ። የሚቆጣሽ ካለ ይቆጣ። ከዚያ ተመልሰሽ ቀሪውን አንብቢ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ታላቅ እህቴ ስትታከም ግን ከወንበሯ አጠገብ በርጩማ ላይ ስድስት ዙር ተቀምጫለሁ፤ ያ በርጩማ ብዙ አስተምሮኛል። አንዱ ይህ ነው፦ ደም በየጊዜው ይመረመራል፣ ነጭ የደም ሴል ይቆጠራል፣ ኩላሊትና ጉበት ይታያል። የጣትን መደንዘዝ የሚቆጥር የደም ምርመራ ግን የለም። ሐኪሙ የሚያውቀው አንቺ ስትነግሪው ነው። ካርድሽ ላይ «የለም» ተብሎ ተጽፎ ከሆነ ለሐኪሙ ጣቶችሽ ደህና ናቸው።

መደንዘዙ ለምን እንደመጣ ማወቅ የሚረዳሽ ይመስለኛል። በሴል ውስጥ እንደ ሐዲድ የተዘረጉ ጥቃቅን ቱቦዎች አሉ። ሴል ለሁለት ሲከፈል እነዚህ ቱቦዎች መፍረስና እንደገና መገንባት አለባቸው። ፓክሊታክሰል እንዳይፈርሱ አድርጎ ያጠነክራቸዋል፤ የካንሰሩ ሴል መከፈል አቅቶት ይሞታል። ጣጣው ነርቮችም በእነዚያው ሐዲዶች ላይ ሲሳይ የሚያመላልሱ መሆናቸው ነው። ረጅሙ መንገድ ከወገብ እስከ እግር ጣት ያለው ስለሆነ መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው፤ ቀጥሎ የእጅ ጣት። ደብዳቤሽ ላይ የጻፍሽው ቅደም ተከተል ራሱ ነው።

ይህንን ጉዳት አስቀድሞ እንደሚከላከል የተረጋገጠ ክኒን የለም። ያለው መሣሪያ መድኃኒቱን ማስተካከል ነው፦ መጠኑን መቀነስ፣ ዙሩን ማዘግየት፣ በየሳምንቱ በትንሽ በትንሹ መስጠት ወይም በሌላ መተካት። ጓደኛሽ «ይቀንሱብሽና ይመለሳል» ስትል ቅነሳን እንደ ሽንፈት ቆጥራዋለች። መጠኑ ከቁመትሽና ከክብደትሽ ተሰልቶ የተቀመጠ ነው፤ ጉዳት ሲመጣ በምን ያህል እንደሚቀነስም ሐኪሞቹ የሚከተሉት ደንብ አላቸው። ምናልባት ምንም አይቀንሱም። ምናልባት ይቀንሳሉ። ውሳኔው ግን እውነቱን በሚያውቅ ሰው ይወሰን። መደንዘዙ ከሕክምናው በኋላ ባሉት ወራት ለብዙዎች ይቀልላል፤ አንዳንዶች ላይ ግን ለዓመታት ይቆያል፣ በተደበቀ ቁጥርም ይጠነክራል። እስከዚያው ባዶ እግርሽን አትሂጂ፤ የምትታጠቢበትን ውኃ ሙቀት በጣትሽ ሳይሆን በክርንሽ ለኪ፤ ማታ ማታ እግርሽን በዓይንሽ ፈትሺ፣ ቁስል ቢኖር ላይሰማሽ ይችላልና።

ይህን ስጽፍ የበረዶው ጠብ ትዝ እያለኝ ሳቅሁ። ሁለቱም እኮ ትክክል ናቸው። በረዶ የአፍን የደም ሥሮች ስለሚያጠብ መድኃኒቱ በሚገባበት ሰዓት ወደ አፍ የሚደርሰው ያንሳል፤ የታላቃችሁ ምክር ከዚህ የመጣ ነው። ጓንቱ የሚወስደው ደግሞ ኦክሳሊፕላቲን ሳይሆን አይቀርም፤ የአንጀት ካንሰር ላይ በብዛት የሚሰጥ ነው። እሱ ነርቭን በብርድ እንዲቆጣ ያደርጋል፤ ከተወሰደ በኋላ ለቀናት ቀዝቃዛ ብረት መንካት እንደ መርፌ ይወጋል፣ ቀዝቃዛ ውኃ ጉሮሮን ይይዛል። በአንድ ክፍል፣ በአንድ ቀን፣ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ ያንዱ መድኃኒት ለሌላው ሥቃይ ሆነ። ከጎንሽ ያለው ሰው ሥቃዩን ያውቀዋል፤ ከረጢትሽ ውስጥ ያለውን መድኃኒት ግን አያውቀውም። ስለ ማንኪያው፣ ስለ ራስ ቆዳው፣ ስለ አራተኛው ቀን ስሚያቸው፤ እንዲህ ያለውን ከእነሱ የተሻለ የሚነግርሽ አታገኚም። «ይህን ዋጪ፣ ያንን ደብቂ» ሲመጣ ግን ነርሷ ትጠየቅ።

ስለ ትኩሳቱም ዝም ብዬ አላልፍም፤ አንቺ በአንድ መስመር ነው የጠቀስሽው፣ እኔን ግን ከጣቶችሽ በላይ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ከመድኃኒቱ በኋላ፣ በአብዛኛው ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ ነጭ የደም ሴል እጅግ ይወርዳል። በዚያን ጊዜ ኢንፌክሽን ሲገባ እብጠትም መግልም ላይኖር ይችላል፤ የሚታየው ምልክት ትኩሳት ብቻ ይሆናል። ፓራሲታሞል ያንን ብቸኛ ምልክት ይሸፍነዋል። ቴርሞሜትር ከአልጋሽ አጠገብ ይኑር። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካሳየሽ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ደውዪ፣ ወይም ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂና ኬሞ ላይ መሆንሽን በር ላይ ተናገሪ። ክኒን ከመዋጥሽ በፊት።

ይህችን ጓደኛሽን ግን አትራቂያት። ክፉ ስላልሆነች ነው የመከረችሽ። ፈርታለች፤ ፍርሃቷን ብቻዋን ይዛ ከረመች፤ ሌላ ሰው ሲይዘው ቀለላት። ደውለሽ የተባልሽውን ንገሪያት። ምናልባት እሷም ጣቶቿን ታወጣለች።

አሁን ወደ ትንሿ ልጅ ወንበር። ሁለት ዙር መቅረት ብዙ ትርጉም አለው። የደም ቁጥር ወርዶ ዙሩ በሳምንት ሲገፋ ቀን ይዛነፍና ሰው ከቡድኑ ይለያል፤ የተለመደ ነገር ነው። ሕክምናዋን ጨርሳም፣ መድኃኒት ተቀይሮላትም ሊሆን ይችላል። ክፉውም ሊሆን ይችላል፤ አልደብቅሽም። ነርሶቹ የሌላ ታካሚን ጉዳይ መናገር ስለማይገባቸው ዝም ይላሉ፤ ያ ዝምታ መርዶ አይደለም። ስልኳ ያለው ሰው ይደውልላት፤ ታላቃችሁ ይኖራቸው ይሆናል። ከዚያ አራታችሁ አንድ ነገር ተስማሙ፦ ከእናንተ አንዱ ሲቀር ማን ደውሎ እንደሚጠይቅ፣ ዜናውን መስማት የማይፈልግ ሰውም ካለ «ለእኔ አትንገሩኝ» የማለት መብት እንዳለው።

ልራቃቸው ወይ ላልሽው፣ የማውቀውን ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1989 ዴቪድ ስፒገል የተባለ አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም፣ የጡት ካንሰራቸው ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የተሠራጨባቸው ሴቶች በየሳምንቱ ተሰብስበው በመነጋገራቸው ዕድሜያቸው ረዘመ የሚል ጥናት አወጣ። ዓለም ተደሰተ። በ2001 ካናዳውያን ተመራማሪዎች 235 ሴቶችን ይዘው ሲደግሙት ዕድሜው አልረዘመም። ነገር ግን የሴቶቹ ጭንቀትና ሕመም ቀነሰ፤ ከሁሉ በላይ የቀነሰላቸው ሲጀምሩ በጣም ተጨንቀው የነበሩት ናቸው። እኔ ሁለተኛውን እወደዋለሁ፤ የማይሰጠውን አይሰጥም ይላል፣ የሚሰጠውንም አያሳንስም። ጓደኞችሽ ካንሰሩን እንዲያጠፉልሽ አትጠብቂ። አራተኛውን ቀን እንድታልፊው ግን ይረዱሻል፤ ራስሽ ጽፈሽዋል። አንድ ዙር ዝም ብለሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ መቀመጥ ካሰኘሽም ተቀመጪ። ማንም አይቀየምሽም፤ እዚያ ያለ ሁሉ እንዲህ ያለ ቀን ነበረው።

ባለቤትሽን በሚመለከት አጭር ነው የምለው። «አይዞሽ» የሚለው ሌላ የሚይዘው ነገር ስላልሰጠሽው ነው። ከእነሱ ጋር የምታወሪውን ሁሉ እንዲያውቅ ግዴታ የለብሽም፤ ግን ሥራ ስጪው። ቴርሞሜትሩ የእሱ ይሁን፤ በካላንደር ላይ ሰባተኛውንና አሥራ አራተኛውን ቀን እሱ ያክብብ፤ ሐኪሙ ዘንድ ገብቶ የሚባለውን እሱ ይጻፍ፣ ሁለት ጆሮ ከሚሰማው አራት ጆሮ የሚሰማው ይበልጣል። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አንብቤ የገባኝ አንድ ነገር ደግሞ አለ፦ ስለ ጣቶችሽ ለእሱም አልነገርሽውም። አልጋው ጠርዝ ላይ ያለቀስሽው ብቻሽን ነው። ነገ ጠዋት ሸሚዝሽን ልበሺና ሳትቆልፊ ፊቱ ቁሚ።

ስልኩን ካልደወልሽ አሁን ደውዪ። የተባልሽውንም ጻፊልኝ።